ዕቅዳችሁ ዳኛ አለው?

ውቤ በረሃ ሲነሳ ብዙ ሰው ትዝ የሚለው የድሮው የሌሊት ጭፈራ ነው። እኔ ግን ከዚህ ሰፈር የምማረው ሌላ ነገር ነው፦ ዕቁብ።

አዲስ ዓመት ሲመጣ «ዘንድሮስ እቆጥባለሁ» የማይል የለም። ጥቅምት ላይ ግን ዕቅዱ የለም። ለምን? መጠን የለውም፣ ቀን የለውም፣ ጠያቂ የለውም። ዕቁብ ሦስቱም አለው። 20 ሰው በየሳምንቱ 1,000 ብር ቢጥል፣ ዕጣ የደረሰው 20,000 ብር ይወስዳል። ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ዳኛው ይቆጣጠራል፣ የወሰደው ዋስ ይጠራል። ፍላጎት ቢደክም እንኳ ይሉኝታ ያስከፍላል።

እርግጥ ችግርም አለው። ሐምሌ 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ብር ገደማ ዘለለ። ዋጋ ሲንር መጨረሻ ላይ ዕጣ የሚወጣለት ይጎዳል። ስለዚህ የስፌት መኪና ለመግዛት የቸኮለ ሰው ካለ ተነጋግሮ ዕጣ መለዋወጥ ነው።

በዚያው ዓመት ፒያሳ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ብዙ ጎረቤት ተበታተነ። ብሩን በቴሌብር መላክ ይቻላል፤ «ምነው ቀረህ?» የሚል ጎረቤት ግን በስልክ አይላክም። ለኔ ትልቁ ኪሳራ ይሄ ነው።

ታዲያ ቋንቋ መማርም ይሁን ሱቅ መክፈት፣ ዓላማችሁን በሳምንት በሳምንት ከፋፍሉት። ድርሻው በክፉ ሳምንትም የምትችሉት ይሁን። ከዚያ ዳኛ ፈልጉለት፤ እሁድ እሁድ ደውሎ «ጣልክ? ጣልሽ?» የሚል አንድ ሰው ይበቃል።