የጣት ፍጥነትና የጸጥታ ኃይል

ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ ይባላል። የፍራንዝ ሊስት የቢ ማይነር ሶናታ በመካከላችን በተነሣ ቁጥር ክርክራችን የሚያተኩረው ማን ፈጥኖ ተጫወተው፣ ማንስ ብርቱ እጅ አለው በሚለው ላይ ነው። ለእኛ ግን ሚዛኑ የተሳሳተ ይመስለናል።

ሊስት ይህን ሥራ በ1853 ፈጽሞ (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በ1854 ሲያሳትመው ለሮበርት ሹማን አበረከተው። ሹማን ግን ያን ጊዜ በአእምሮ ሕመም ሐኪም ቤት ገብቶ ነበር። ሚስቱ ክላራ፣ እርሷ ራሷ ስመ ጥር ፒያኖ ተጫዋች ስትሆን፣ ወጣቱ ብራምስ ሲጫወትላት ሰምታ ከጩኸት በቀር ምንም አላገኘችበትም። በ1857 ሃንስ ፎን ቢውሎ በበርሊን ለመጀመሪያ ጊዜ በሕዝብ ፊት ሲጫወተውም ከጋዜጣ የተረፈው ነቀፋ ነበር።

ክላራ የሰማችው ጩኸት በእርግጥ አለ። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት ያህል ሳይቋረጥ የሚዘልቀው ይህ ሥራ የሚጀምረው በዝግታ፣ በፒያኖው ዝቅተኛ ድምፅና በዝምታ ነው። በመግቢያው ላይ እንደ መዶሻ የሚያንኳኳው አጭር ሐሳብ በኋላ ረግቦ የፍቅር ዜማ ሆኖ ይመለሳል። መዶሻውን ብቻ የሚያሰማን ተጫዋች ይህን ዝምድና ይሰውርብናል።

ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃ የደራሲው የእጅ ጽሑፍ ነው። ሊስት በመጀመሪያ የጻፈው መደምደሚያ ድምፀ ብርቱ ነበር። ያንን ሠርዞ ዛሬ የምንሰማውን ጸጥ ያለ መጨረሻ ተካበት። አዳራሽ በማናወጥ በዘመኑ የታወቀ ሰው ጭብጨባ በምን እንደሚገኝ አጥቶት አይደለም፤ እያወቀ ተወው።

ይህን ስንል ፈጣን ጣት ይናቅ ማለታችን አይደለም። ጣቱ ያልሠለጠነ ሰው ከዚህ ሥራ ደጃፍ አይደርስም። ቭላዲሚር ሆሮዊትዝ በ1932፣ ማርታ አርጌሪች በ1971 የቀረጹትን የሰማ ሰው እሳቱን አይረሳውም። አርጌሪች በ26 ደቂቃ ገደማ ስትጨርስ፣ ክሪስቲያን ዚመርማን በ1990 ቅጂው 30 ደቂቃ ያህል ይወስዳል። ይሁን እንጂ የአራት ደቂቃው ልዩነት ማን እንደሚበልጥ አይነግረንም። ጥያቄው ተጫዋቹ ከዚያ ሁሉ ማዕበል በኋላ የመጨረሻውን ገጽ የሚሸከም ትዕግሥት ተርፎታል ወይ የሚል ነው።

እንግዲህ ጓደኞቻችንና መምህሮቻችን ሆይ፣ ስናዳምጥ ሰዓታችንን መመልከት ትተን መጨረሻውን እንጠብቅ። ያቺ አንዲት ዝቅተኛ ድምፅ ከጠፋች በኋላ አዳራሹ ትንፋሹን ከያዘ ተጫዋቹ ሥራውን ሠርቷል። ጭብጨባው ቀድሞ ከገባ ግን ጥፋቱ የተጫዋቹ ብቻ ሳይሆን የእኛ የአድማጮቹም ነው።