ቀፎ ቀይሩ፣ ቁጥር ግን አትቀይሩ

«ሰላም ነው? ስልክ ቀይሬያለሁ። አዲሱ ቁጥሬ ይሄ ነው፣ ሴቭ አድርጉት። የድሮውን አጥፉት።» እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶት የማያውቅ ወጣት ያለ አይመስለኝም። አንዳንዱ ሰው በዓመት ሁለቴም ይልከዋል። የእያንዳንዳችን ስልክ ቢፈተሽ «ሳሚ የድሮ»፣ «ሳሚ አዲሱ»፣ «ሳሚ ትክክለኛው» እየተባለ የተመዘገበ ሰው አይጠፋም። ነገሩ ያስቃል። ለእኔ ግን የሚያሳስብም ነው።

ጥፋቱ በከፊል የአነጋገራችን ይመስለኛል። በአማርኛ «ስልክሽን ስጪኝ» ያለን ሰው ማንም አውጥቶ ሳምሰንጉን አያቀብለውም፣ ቁጥሩን ነው የሚነግረው። «ስልኬ ተሰረቀ» ስንል ደግሞ ስለ ዕቃው ነው የምናወራው። ሁለቱን በአንድ ቃል ስለምንጠራቸው አንዱ ሲሄድ ሌላውም አብሮ የሄደ ይመስለናል። እንደ እድል ሆኖ «ቀፎ» የሚል ደህና ቃል አለን። ቀፎ ይሰበራል፣ ይሰረቃል፣ ያረጃል፣ ይሸጣል። ቁጥሩ ግን ከቀፎው ጋር የሚጣል ነገር አይደለም።

ሞባይል ወደ ሀገራችን በገባበት በ1991 ዓ.ም. ቁጥር መደወያ ብቻ ነበር። ቁጥሩን የቀየረ ሰው ቢበዛ የሚደውሉለትን ወዳጆች ነው የሚያጣው። ዛሬ ግን ሌላ ነው። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤምፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምሩ ስልክ ቁጥራችን የገንዘብ ሒሳብ ቁጥራችንም ሆነ። ባንክ ገንዘብ ሲገባና ሲወጣ የሚያሳውቀን በዚሁ ቁጥር ነው። ቴሌግራምና ዋትስአፕ የሚከፈቱት በቁጥር ነው። ለፋይዳ ስንመዘገብ የሰጠነው ቁጥር ላይ ማረጋገጫ ኮድ ይላካል። የጂሜይል የይለፍ ቃል ስንረሳ እንኳ የሚያስመልስልን ይኸው ቁጥር ነው። በአጭሩ ቁጥሩ የቤታችን ቁልፍ ሆኗል፣ እኛ ግን አሁንም እንደ ድሮው የበር ደወል አድርገን ነው የምናየው።

የተጣለ ቁጥር የት ይሄዳል? የትም አይሄድም። ለረጅም ጊዜ ካልሠራ ኦፕሬተሩ ይዘጋውና ቆይቶ ለሌላ ሰው ይሸጠዋል። ይህ በዓለም ሁሉ የተለመደ አሠራር ነው፣ ምክንያቱም ቁጥር ያልቃል። በአሜሪካ የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2021 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት ሁለት ትልልቅ የሀገሪቱ ኦፕሬተሮች ለአዲስ ደንበኛ ካቀረቧቸው ቁጥሮች 259ኙን መርምረው ነበር። ከነዚህ ውስጥ 171ዱ በታወቁ ድረ ገጾች ላይ ከተከፈተ የሌላ ሰው አካውንት ጋር የተያያዙ ሆነው ተገኙ። የቀድሞዎቹ ባለቤቶች ሲሙን ትተው ሄደዋል፣ አካውንቶቻቸው ግን የተተወውን ቁጥር እንደያዙ ቀርተዋል።

እኛ ጋ ይህ ምን እንደሚመስል አስቡት። አዲሱ የቁጥሩ ባለቤት አብዛኛውን ጊዜ ምንም የማያውቅ ጨዋ ሰው ነው። ሌሊት ከውጭ ሀገር ይደወልለታል፣ «እማዬ እንዴት ናት?» ይባላል፣ «ተሳስተዋል» እያለ ሲመልስ ይኖራል። የማያውቀው ሰው የባንክ መልእክት ይደርሰዋል። ሰውየው ጨዋ ካልሆነስ? የድሮ ባለቤቱ ቴሌግራም ተጨማሪ የይለፍ ቃል ከሌለው ኮዱ የሚመጣው ወደ አዲሱ ሰው ነው። ከዚያ በኋላ በእናንተ ስምና ፎቶ «ቸግሮኝ ነው፣ ትንሽ ብር ላክልኝ፣ ማታ እመልሳለሁ» የሚል መልእክት ለጓደኞቻችሁ ቢደርስ ማን ይጠረጥራል?

«ሲም ካርድ እኮ ርካሽ ነው፣ ምን ያስጨንቃል?» የሚል መልስ እሰማለሁ። ርካሽነቱ ነው ወጥመዱ። ስልኩ የተሰረቀበት ልጅ ሁለት ምርጫ አለው። አንደኛው መታወቂያ ይዞ ወደ አገልግሎት ማዕከል ሄዶ፣ ወረፋ ጠብቆ የድሮ ቁጥሩን በአዲስ ሲም ማስወጣት ነው። ሁለተኛው ደግሞ መንገድ ዳር ጃንጥላ ሥር ከተቀመጠው ሻጭ በደቂቃዎች አዲስ ሲም መግዛት ነው። የቸኮለ ሰው የትኛውን እንደሚመርጥ ግልጽ ነው። ያቺ የግማሽ ቀን ወረፋ ግን በኋላ ባንክ ለባንክ፣ ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ «ቁጥሬ ተቀይሯል» ከማለት ታድናለች። ስልክ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚደረገው ነገር አዲስ ሲም መግዛት አይደለም። ከሌላ ሰው ስልክ ደውሎ ሲሙን ማዘጋት ነው፣ ለኢትዮ ቴሌኮም 994፣ ለሳፋሪኮም 700። ከዚያ ያንኑ ቁጥር ማስወጣት።

እዚህ ላይ ብዙዎችን የሚያደናቅፍ ጥያቄ አለ፦ ቁጥሩ በማን ስም ነው? የመጀመሪያ ሲማችንን ስናወጣ ዕድሜያችን አልደረሰም ወይም መታወቂያ አልነበረንም። በእናታችን፣ በወንድማችን፣ አንዳንዴም አሁን በማናናግረው ጓደኛ ስም ነው የወጣው። ለዓመታት ስለተጠቀምንበት የራሳችን ይመስለናል። ቀፎው የጠፋ ቀን ግን መታወቂያ ይዞ መምጣት ያለበት በስሙ የተመዘገበው ሰው ነው። እሱ ክፍለ ሀገር ወይም ዱባይ ከሆነስ? ሳይቃጠል በቅጠል ነውና፣ ስልኩ በእጃችሁ ሳለ ሁለታችሁም መታወቂያችሁን ይዛችሁ ሄዳችሁ ቁጥሩን ወደ ስማችሁ አዙሩት። ከዚህ ጽሑፍ አንድ ነገር ብቻ የምትወስዱ ከሆነ ይህን ውሰዱ።

ወደ ዓረብ ሀገር ለሥራ የሚሄዱ እህቶቻችን ጉዳይ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። እዚያ ሲደርሱ የዚያን ሀገር ሲም ያወጣሉ፣ የኢትዮጵያው ሲም መሳቢያ ውስጥ ይቀራል ወይም ለታናሽ ይሰጣል። ታናሽየውም አንድ ቀን ይጥለዋል። ላባቸውን አንጠፍጥፈው የሚልኩት ገንዘብ የሚገባበት የባንክ ሒሳብ ግን ከዚያ ቁጥር ጋር የተያያዘ ነው። ስለዚህ የምትሄድ እህት ያለችው ሰው ሲሟን ከመጣል ይልቅ በሕይወት ያቆይላት። በየጊዜው ትንሽ ካርድ ይሙላበት፣ ይደውልበት። ሲሙን አብራት ከወሰደችው ደግሞ በሮሚንግ መልእክት መቀበል ይችል እንደሆነ ከመሄዷ በፊት ትጠይቅ። የባንኩን የሚስጥር ቁጥር ግን ለሲሙ ጠባቂ መስጠት አያስፈልግም። ቤተሰብ ቢሆንም።

አሁን ደግሞ ቀፎ ስትቀይሩ ስለሚገጥማችሁ ነገር። ሲሙን አውጥቶ አዲሱ ውስጥ መክተት ቀላል ነው፣ ከሲሙ ጋር የማይሻገረውን ማወቅ ነው ቁም ነገሩ። የደረሷችሁ ኤስኤምኤሶች ያሉት ቀፎው ላይ ነው። የስም ዝርዝራችሁም ወይ ሲሙ፣ ወይ ቀፎው፣ ወይ የጉግል አካውንታችሁ ላይ ነው። ሲም ላይ የሚያዘው ስም ውስን ነው፣ ሲሙ ከጠፋ ደግሞ አብሮ ይጠፋል። ስለዚህ አሮጌውን ቀፎ ለማንም ከመስጠታችሁ በፊት ስሞቹን ሁሉ ወደ ጉግል አካውንት አሻግሯቸው። ቴሌብሩ፣ የባንክ መተግበሪያው፣ ቴሌግራሙ በአዲሱ ቀፎ ላይ መከፈታቸውን ካረጋገጣችሁ በኋላ ነው አሮጌው የሚጸዳው። ይህን ሳያደርግ መርካቶ ወስዶ የሸጠ ሰው አብሮ የሸጠውን ነገር ሁሉ አያውቀውም።

ከአሜሪካ የሚላክ አይፎን ላይ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠሩት የሲም ማስገቢያ የላቸውም፣ በኢሲም ብቻ ነው የሚሠሩት። አንዳንዶቹም እዚያ ላለ ኦፕሬተር የተቆለፉ ናቸው። ከመግዛታችሁ በፊት የቀፎውን ጎን እዩ። ቁጥራችሁን ሳትቀይሩ ወደ ኢሲም ማዞር ስለመቻሉም አስቀድማችሁ ኦፕሬተራችሁን ጠይቁ። ብዙ ሰው ቁጥሩን የሚያጣው «ይህ ቀፎ ሲም አይወስድም» ሲባል ተደናግጦ ነው።

ሁለት ቁልፎችም አሉ፣ ሁለቱም ነፃ ናቸው። አንደኛው ቴሌግራም ላይ «ቱ ስቴፕ ቬሪፊኬሽን» የሚባለው ተጨማሪ የይለፍ ቃል ነው። እሱ ካለ ኮዱ ሌላ ሰው እጅ ቢገባ እንኳ ብቻውን አካውንቱን አይከፍትም። ሁለተኛው የሲም ፒን ነው። ሌባ ሲማችሁን አውጥቶ የራሱ ቀፎ ላይ ቢከተው ፒን ይጠየቃል። ሦስት ጊዜ ከሳተ ሲሙ ይቆለፋል፣ የሚከፍተውም ሲሙ የመጣበት ካርድ ላይ የተጻፈው «ፒዩኬ» የሚባለው ቁጥር ነው። ስለዚህ ያንን ካርድ አትጣሉት።

ቁጥር መቀየር የግድ የሚሆንበት ጊዜ እንዳለ አልክድም። ሌት ተቀን በስልክ የምትዋከብ፣ የሚያስፈራራት ሰው ያለባት ሴት «ቁጥርሽን ጠብቂ» አትባልም። ትቀይር። ግን መጀመሪያ ይሻገር፣ ከዚያ ይዘጋ። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ቁጥር መቀየሪያ አላቸው፣ ንግግሩ እንዳለ ወደ አዲሱ ይዞራል። ባንክና ፋይዳ ጋ ሄዶ ማስቀየር ያስፈልጋል። የድሮው ሲም ለጥቂት ወራት የሚስጥር ኮድ መቀበያ ሆኖ ቢቆይ ጥሩ ነው፣ ድምፁ ጠፍቶ።

ኃላፊነቱን ሁሉ ተጠቃሚው ላይ መጫን ደግሞ ፍትሐዊ አይደለም። ኦፕሬተሮቻችንና ባንኮቻችን በአንድ ላይ ቁጥርን መታወቂያ አድርገውታል። እንግዲያው የጠፋ ቁጥርን ማስመለስ አዲስ ሲም የመግዛትን ያህል ቀላል መሆን አለበት። አንድ ቁጥር ለሌላ ሰው ከመሸጡ በፊት የቀድሞው ባለቤት በሌላ መንገድ ይነገረው። ባንኮችም ቁጥሩ እጅ እንደቀየረ የሚያውቁበት አሠራር ይበጅ። ጃንጥላ ሥር ያለው ሻጭም ቢሆን «የድሮ ቁጥር አለህ? ለምን አታስወጣውም?» የምትል አንዲት ጥያቄ ቢጠይቅ ብዙ ሰው ይድናል።

እስከዚያው የምንጠብቀው የለም። ስልካችሁ እጃችሁ ላይ ነው፣ ይህንንም የምታነቡት በእሱ ነው። ቁጥሩ በማን ስም እንደሆነ እርግጠኛ ካልሆናችሁ ዛሬውኑ ደውላችሁ ጠይቁ።