ተደርቦ ለወጣ ብስክሌተኛ

ደምበጫን የምታውቋት ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር ስታልፉ በአውቶቡስ መስኮት ብቻ እንደ ኾነ፥ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ከሰዓት በኋላ የሚደረገውን ነገር አላያችሁም። ትምህርት ቤት ሲለቀቅ አንድ ጐረምሳ ሦስት ያረጁ ብስክሌቶች ደርድሮ ያከራያል። ኪራዩ በሰዓት አይደለም፤ በዙር ነው። ልጁ ገንዘቡን ቈጥሮ ይሰጥና በሜዳው ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞሮ ብስክሌቱን ይመልሳል። አከራዩም እንደ ዳኛ ቆሞ ይጠብቃል። የአንድ ዙር ከፍሎ ሁለተኛውን ሊሰርቅ የሞከረ ልጅ ምን እንደሚደርስበት በልጅነቱ ብስክሌት የተከራየ ሁሉ ያውቀዋል፤ እኔም አውቀዋለሁ፤ ጆሮዬ ምስክር ነው።

ዛሬ የማወራችሁም ስለ ዙር ነው። ሰሞኑን አንድ ተማሪዬ ከክፍል ስወጣ ጠብቆ አገኘኝና፥ «መምህር፥ ሦስት ቀን ሙሉ በከተማ መንገድ የሚዞሩበት የብስክሌት ውድድር አለ አሉ፤ ክለብ የሌለውም ይገባል ይላሉ። ብሄድ እሸነፋለሁ?» ብሎ ጠየቀኝ።

ልብ በሉ፤ «አሸንፋለሁ ወይ?» አላለም። ይህ ልጅ ከተምጫ ወንዝ ወዲያ ካለ ገጠር በየማለዳው ዳገቱን በብስክሌት ወጥቶ የሚማር ነው። እግሩን ብታዩት ብረት ነው። ብስክሌቷ ግን የእሱ አይደለችም፤ የቤቱ ናት። ጧት እሱንና ታናሽ እኅቱን ታመጣለች፤ በሌላው ቀን እህል ተጭኖባት ወፍጮ ቤት ትሄዳለች። ስለዚህ እሱ ሦስት ቀን ቢጠፋ እህሉ በትከሻ ይሄዳል፥ እኅቱም በእግሯ ትመጣለች ማለት ነው። እንዲህ ያለ ልጅ ለመሸነፍ ከኾነ የሚሄደው፥ ለአባቱ ምን ብሎ ይነግራል?

የተጠየቅሁት ሰው እኔ መኾኔም ሌላ ችግር ነበረበት። ኮሌጅ ሳለሁ በእንዲህ ያለ ውድድር ገብቼ፥ በመጀመሪያው ቀን በሰባተኛው ዙር በፊሽካ የተባረርሁ ሰው ነኝ።

ይህ ዓይነቱ ውድድር በፈረንጅ አፍ ክሪተሪየም ይባላል። ከከተማ ወደ ከተማ የሚኬድበት አይደለም። አንድ ወይም ሁለት ኪሎ ሜትር የሚኾን የከተማ መንገድ ይዘጋና ብስክሌተኞቹ ያንኑ ደጋግመው ይዞሩታል። ብዙውን ጊዜ የሚወሰነው በሰዓት ነው፤ ለምሳሌ 45 ደቂቃ ይባልና፥ ዳኞቹ የመጀመሪያዎቹን ዙሮች ፍጥነት አይተው ስንት ዙር እንደ ቀረ በሰሌዳ ያሳያሉ። የመጨረሻው ዙር ሲደርስ ደወል ይደወላል። ጎማው የተነፈሰበት ወይም የወደቀ ሰው፥ ውድድሩ ሊያልቅ ጥቂት ዙር ካልቀረው በቀር፥ ብስክሌቱን አስተካክሎ ወደ ጭፍራው እንዲመለስ አንድ ዙር ይማርለታል። ለደከመ እግር ግን ምሕረት የለም። ጭፍራው ዞሮ ከኋላው የደረሰበት ሰው፥ ሯጮቻችን «ተደረበ» እንደሚሉት፥ ፊሽካ ይነፋበትና ከመንገዱ ይወጣል።

ሰው ሁሉ የሚታለለው መንገዱን በዓይኑ ሲያየው ነው። «ሜዳ ነው፤ ዳገት የለው፤ ምን ይከብዳል?» ይላል። እኔም እንዲሁ ብዬ ነበር። ጐጃም ያደገ ሰው ዳገት ለምዶ ሜዳን ይንቃል። ደግሞም ከሰው ኋላ የሚነዳ ብስክሌተኛ ከፊቱ ያለው ሰው ነፋሱን ስለሚሰብርለት ከሩብ እስከ ሲሶ የሚኾን ጉልበት እንደሚቈጥብ በመጽሐፍ አንብቤ ነበርና፥ «ከጭራው ኾኜ አርፌ እሄዳለሁ፤ በመጨረሻ እወጣለሁ» ብዬ አሰብሁ። እንዴት ያለ ብልኅነት!

መጽሐፉ አልዋሸም፤ ስለ ኩርባ ግን አልነገረኝም። ከብት በጠባብ በር ሲገባ አይታችኋል? የፊተኞቹ ዝም ብለው ያልፋሉ፤ መካከለኞቹ ይገፋፋሉ፤ የኋለኞቹ ቆመው ይጠብቁና ሲያልፉ የቀደሙትን ለመድረስ ይሮጣሉ። የብስክሌት ጭፍራም በኩርባ ላይ እንዲሁ ነው። ከፊት ያለው ፍሬን ሳይነካ ይታጠፋል፤ አሥረኛው ትንሽ ይይዛል፤ አርባኛው ሊቆም ምንም አይቀረውም። እሱ ከኩርባው ሲወጣ የፊተኞቹ ርቀው ሄደዋልና እንደ አዲስ ተነሥቶ መብረር አለበት። 4 ኩርባ ያለውን መንገድ 30 ጊዜ ቢዞሩት 120 ኩርባ ይኾናል። የኋለኛው ሰው 120 ጊዜ ከመቆም ወደ መብረር ይነሣል፤ የፊተኛው ግን እንደ ወንዝ ይፈስሳል። እኔ 28ቱን ሞከርሁና በቃኝ።

ቍጥሬ በጀርባዬ ተለጥፎ ከመንገዱ ዳር እንደ ቆምሁ አንዲት ቆሎ ሻጭ እናት ትኵር ብለው አዩኝና፥ «አይዞህ ልጄ፤ ጨረስህ ወይስ ጨረሱህ?» አሉኝ። ከዚያ ቀን ውጤት ውስጥ እስከ ዛሬ የማስታውሰው ይህን ብቻ ነው።

ውድድሩ የአንድ ቀን ቢኾን ኖሮ ብስክሌቴን ሸጬ ወደ መጽሐፌ እመለስ ነበር። ነገር ግን ሦስት ቀን ነበርና በማግሥቱም ተሰለፍሁ። ጧት ከአልጋ ስነሣ ጭኔ የሌላ ሰው ይመስል ነበር። ጡንቻ የሚሠራበት ስኳር በአንድ ቀን ውድድር ይሟጠጣል፤ በሚገባ ተመልሶ የሚሞላውም በበቂ ዕረፍትና በጥሩ መብል ነው። ልምድ ያላቸው ሰዎች ከብስክሌት ሲወርዱ ወዲያው የሚበሉት ስለዚህ ነው። እኔ ግን ከኀፍረት የተነሣ እራት ሳልበላ ተኝቼ ነበር። (ኀፍረት የሚያሳጣን እራት ብዙ ነው።)

ከመሰለፋችን በፊት በአጠገቤ የነበረ አንድ ጐልማሳ፥ በጋራዥ የሚሠራና እንደ እኔው ክለብ የሌለው፥ ትናንት ሲወጣ አይቶኝ ኖሮ እንዲህ አለኝ፦ «ጉልበትህ ምንም አልኾነም፤ ፍሬንህ ነው የገደለህ። መያዝ ካለብህ ከኩርባው በፊት ያዝ፤ ውስጡ ከገባህ በኋላ አትንካው። የውጪውን እግርህን ወደ ታች አድርግና ርገጥበት፤ የውስጡ ፔዳል ወደ ላይ ይኹን፤ አለዚያ መሬት ይነካና ይጥልሃል። ዓይንህን ከፊትህ ካለው ጎማ አንሣ፤ የምትወጣበትን ተመልከት። ከሁሉ በፊት ደግሞ ስንሰለፍ ከፊት ቁም፤ ኋላ የሚቆም ሰው የሁሉን ዕዳ ይከፍላል።» በዚያ ቀን 19 ዙር ቈየሁ። በሦስተኛው ቀን ከጭፍራው ጋር ገባሁ። ስንተኛ እንደ ወጣሁ ማንም አልጻፈውም፤ ደወሉን ግን ብስክሌት ላይ ተቀምጬ ሰማሁት።

በአገራችን በብስክሌት ተወዳዳሪነት ስማቸው ከሚጠሩት ቀደምት ሰዎች አንዱ ገረመው ደንቦባ ነው። ኢትዮጵያ በኦሎምፒክ ለመጀመሪያ ጊዜ የተካፈለችው በ1949 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1956) በሜልቦርን ሲኾን፥ የላከችውም ሯጮችንና ብስክሌተኞችን ነበር። በዚያን ዘመን ኦሎምፒክ የሚገባው በስፖርት የማይተዳደር አማተር ብቻ ነበር። የሜልቦርኑ የጎዳና ውድድርም ከ187 ኪሎ ሜትር በላይ ኾኖ በአንድ መንገድ ላይ እየዞሩ የሚጨርሱት ነበር። ኢጣሊያዊው ኤርኮሌ ባልዲኒ አሸነፈ፤ ገረመው 24ኛ ወጣ፤ የኢትዮጵያም ቡድን 9ኛ ኾነ። ስለ ሩጫችን ስናወራ የምናድር ሰዎች ይህን 9ኛነት ስንቶቻችን እናውቀዋለን?

ገረመው ከአራት ዓመት በኋላ በሮማም ተወዳድሯል። አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ ሮጦ ስላሸነፈበት የዚያ ዓመት የብስክሌት ወሬ ተሸፍኖ ቀርቷል እንጂ፥ የጎዳናው ውድድር የሚያስቅም የሚያስተምርም ነገር ነበረው። የሶቭየቱ ቪክቶር ካፒቶኖቭ ከኢጣሊያዊው ሊቪዮ ትራፔ ጋር ከጭፍራው ተለይቶ ሲመጣ፥ የዙሩ ቍጥር ተሳስቶበት ያለውን ኀይል ሁሉ አውጥቶ መስመሩን ቀድሞ ዐለፈ። ውድድሩ ግን አንድ ዙር ይቀረው ነበር! ካፒቶኖቭ ያንን የቀረውን ዙር በተሟጠጠ እግሩ ዞሮ፥ ትራፔን እንደገና ቀደመውና ወርቁን ወሰደ። ለተማሪዎቼ ሒሳብ ሳስተምር ይህን ታሪክ እነግራቸዋለሁ፤ «ቈጥሮ ቢኾን ኖሮ አንድ ጊዜ ብቻ በደከመ ነበር» ስላቸው ይሥቃሉ።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። እኔ በተወዳደርሁበት ከተማ በክለብ ደመወዝ የሚበላውም፥ ትናንት ብስክሌት የተዋሰውም፥ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅም በአንድ መስመር ላይ ነበር የተሰለፍነው። ይህ ውድድር ሳይኾን ማበጠር ነው። በአሜሪካ በዊስኮንሲን ክፍለ ሀገር ከ2001 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2009) ጀምሮ በየሰኔው «ቱር ኦፍ አሜሪካስ ዴይሪላንድ» የሚባል፥ ስሙንም ከወተት ላሞች አገርነቱ የወሰደ ውድድር ይደረጋል። ከአሥር ቀን በላይ በየቀኑ ከከተማ ከተማ እየተዘዋወሩ መንገድ ይዘጋሉ። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይለቀቅም። ጀማሪው ከጀማሪ ጋር ቀደም ብሎ ይወዳደራል፤ ከዚያ የበረታው፥ ሴቶቹም በየደረጃቸው፤ ባለሙያዎቹ ወደ ማታ ይመጣሉ። ሰውየው ቢሮ ወይም ሱቅ ውሎ የሚያድር ይኹን እንጂ፥ ውጤት ባገኘ ቍጥር አንድ ደረጃ ይወጣል። ሕዝቡም ወንበሩን ከደጃፉ አውጥቶ ይመለከታል፤ ደስ ያለው ገንዘብ ያዋጣና «የሚቀጥለውን ዙር ለቀደመ» ይላል፤ ደወል ይደወላል፤ ጭፍራውም ለዚያች ሽልማት ሲል ያብዳል። ሰርግ ላይ ለአዝማሪ ብር የሚለጠፍበት አገር ሰዎች ይህ እንግዳ አይኾንብንም።

እንዲህ ያለ ነገር የሀብታም አገር ጉዳይ ነው የሚል ሰው አሥመራን ይመልከት። የመጀመሪያው የኤርትራ ዙር የተደረገው በ1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1946) ነው፤ አሥመራም እስከ ዛሬ ለብስክሌት ውድድር መንገዷን የምትዘጋ ከተማ ናት። በ2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2024) በቱር ደ ፍራንስ ቢንያም ግርማይ ሦስት የዕለት ውድድሮችን አሸንፎ አረንጓዴውን መለያ ሲወስድ፥ ያሸነፈው በተራራ ላይ አይደለም፤ በጭፍራ መካከል ትከሻ ለትከሻ እየተጋፋ በመስመሩ ላይ ነው። ከእኛም በኩል የመቀሌው ልጅ ጽጋቡ ግርማይ በ2008 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2016) ወደ ቱር ደ ፍራንስ የገባ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ኾኗል። ዳገታችን እግር ይሰጠናል፤ እግርን ከሰው መካከል ማስገባት ግን ዳገት አያስተምርም። ያንን የሚያስተምረው ከሌላ ሰው ክንድ አንድ ስንዝር ርቆ መታጠፍ ነው፤ ለዚህ የሚያስፈልገውም አንድ ኪሎ ሜትር መንገድ፥ አንድ ደወልና ባጃጆቹን ለአንድ ሰዓት የሚያቆም ሰው ነው።

ወደ ልጁ ልመለስ። «አዎን፥ ትሸነፋለህ» አልሁት። «በመጀመሪያው ቀን ምናልባት ትደረባለህ። በሁለተኛው ቀን ከዚያ ትሻላለህ። ሦስተኛውን አላውቅም።» ጥቂት ዝም አለና፥ «እንግዲያው ለአባቴ እርስዎ ይንገሩልኝ» አለኝ። መቼም አፌ ነው የሚያጋባኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሄድሁ። አባቱ ጠላ አስቀድተውልኝ ነገሩን እስከ መጨረሻው ሰሙ። ስለ ሜልቦርንም ስለ ሮማም ነገርኋቸው፤ ምንም አላሉም። በመጨረሻ ጢማቸውን እየዳበሱ፥ «ሦስት ቀን ማለት ሦስት ቀን ነው?» አሉ።

«ከመንገዱ ጋር አምስት» አልሁ።

«ሁለቱም ጎማ ይመለሳል?»

ልጁና እኔ ተያየን። «ይመለሳል» አልን።

ከዚያን ቀን ወዲህ ማታ ማታ በሜዳው ዙሪያ አራት ድንጋይ አስቀምጠን ልጁ ኩርባ ይማራል። የሚያከራየው ጐረምሳና ሌሎች ሁለት ልጆች ደግሞ እንደ ጭፍራ ኾነው ከአጠገቡ ይነዱለታል። እኔ ቈጣሪ ነኝ። አንድ ዙር ሲቀር ከትምህርት ቤቱ የተዋስሁትን፥ እንደ ደወል የምንመታውን አሮጌ የመኪና ቸርኬ በብረት እመታለሁ፤ በሰፈሩ ያሉ ውሾች ሁሉ ይጮኻሉ። ከትናንት ወዲያ ልጁ ለመጀመሪያ ጊዜ አራቱንም ድንጋይ ፍሬን ሳይነካ ዞረ። አከራዩ ግን ሜዳው የሥራ ቦታዬ ነው ብሎ፥ ለየዙሩ ካልከፈላችሁ እያለ እስከ አሁን ይከራከረናል።