«ለመለዋወጥ ይሆናል» ማለት «ኦሪጅናል ነው» ማለት አይደለም



ቦርሳ ወይም ኮት ላይ የምትሰካ ትንሽ የብረት ፒን በመቶዎች በሚቆጠር ዶላር ትሸጣለች ቢባል ብዙዎቻችን እንስቃለን። ግን ትሸጣለች። የኦሎምፒክ ፒን የሚሰበስብ አለ፣ የእግር ኳስ ክለብ ፒን የሚሰበስብ አለ፣ የዲዝኒን ፒን የሚሰበስብማ ሞልቷል። ውጭ አገር ያሉ ወጣቶቻችን ይህን ገበያ ያውቁታል። እዚህ ያለነው ደግሞ ፒኑን ባናውቀው ጫማውን፣ ሰዓቱን፣ ሽቶውን እናውቀዋለን፤ ነገሩ አንድ ነው። በካርቱን ምስል ላይ ያለው የፊቅህ ውይይት፣ ገንዘብን በጌጣጌጥ ስለማባከን የሚነሳው ጥያቄም የራሳቸው ቦታ አላቸው፤ ዛሬ አልገባባቸውም። ዛሬ ማውራት የፈለግኩት ስለ ሐሰተኛው ፒንና እሱ እጃችን ሲገባ ስለምናደርገው ነገር ነው።

ዲዝኒ በፍሎሪዳው መናፈሻው የፒን ልውውጥን የጀመረው በ1999 (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ፣ ከአዲሱ ሺህ ዓመት አከባበር ጋር አያይዞ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። የመናፈሻው ሠራተኞች አንገታቸው ላይ በሚያጠልቁት ማንጠልጠያ ፒን ደርድረው ይዞራሉ። ጎብኚው የራሱን አንድ ፒን ሰጥቶ ከእነሱ የወደደውን አንድ ይወስዳል። ልጆች በጣም ይወዱታል። አንድ ፒን ከመናፈሻው ሱቅ ሲገዛ ከ10 ዶላር በላይ ያወጣል። ታዲያ በኦንላይን ጨረታ ሃምሳ ወይም መቶ ፒን በአንድ ላይ፣ የአንዱ ዋጋ ከ1 ዶላር በታች ሆኖ ሲቀርብ ምን ማለት ነው? ነጋዴ የሆነ ሰው መልሱን ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልገውም።

ሰብሳቢዎቹ ይህን ዓይነቱን ሐሰተኛ ፒን «ስክራፐር» ይሉታል። ስሙ የመጣው ፋብሪካ ውስጥ ተበላሽቶ መጣል ሲገባው በጓሮ ወጥቶ ከሚሸጠው ነው። በዋናው ማተሚያ ቅርጽ ከታዘዘው ቁጥር በላይ እየታተመ የሚወጣም አለ፣ ከፎቶ ተቀድቶ ከዜሮ የሚሠራም አለ። ማስታወቂያው ላይ ግን «ሐሰተኛ» የሚል አታገኙም። የምታገኙት «መቶ በመቶ ለመለዋወጥ የሚሆን» የሚል ነው። ይህችን ሐረግ ልብ በሉልኝ። ሻጩ «ኦሪጅናል ነው» አላለም። ያለው «ለመናፈሻው ሠራተኛ ብትሰጡት ይቀበላችኋል» ነው። ሠራተኛው ደግሞ ፒኑን እያገላበጠ እንዲመረምርና ከጎብኚ ጋር እንዲከራከር አይጠበቅበትም። ሻጩ አልዋሸም፤ ገዥው ግን እንዲሳሳት ሆኖ የተጻፈ ነው።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከብደው። ይህን ጥቅል ገዝቶ መናፈሻው የሚገባ ሰው በ60 ሳንቲም የገዛውን ሐሰተኛ ሰጥቶ እውነተኛውን ይወስዳል። ሠራተኛው አንገት ላይ የቀረውን ሐሰተኛ ደግሞ ከሰዓት በኋላ የመጣ የስምንት ዓመት ልጅ አባቱ በ15 ዶላር በገዛለት እውነተኛ ፒን ይለውጠዋል። ከዓመታት በኋላ ያ ልጅ ስብስቡን ልሽጥ ሲል ግማሹ ዋጋ የለውም ይባላል። ማን አታለለው? ፋብሪካው? ኦንላይን ሻጩ? ሠራተኛው? እያንዳንዱ ጣቱን ወደ ሌላው መቀሰር ይችላል።

ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ገበያ ውስጥ በአንድ የእህል ክምር አጠገብ ሲያልፉ እጃቸውን ወደ ውስጥ አስገብተው እርጥበት ያገኙበትን ሐዲስ ሁላችንም ሰምተነዋል፤ ሙስሊም ዘግበውታል። ብዙ ጊዜ የምናስታውሰው መጨረሻውን፣ አታላይን የተመለከተውን ከባድ ቃል ነው። እኔ ግን የሻጩን መልስ አስተውሉ እላለሁ። ሰውየው ዝናብ መታው ነው ያለው። እውነቱን ነው። ዝናቡን እሱ አላዘነበውም፣ እህሉንም ሆን ብሎ አላረጠበውም፤ እንዲያውም እሱ ራሱ የጉዳቱ ባለቤት ነው። የተጠየቀው ለምን ረጠበ ተብሎ አይደለም፤ እርጥቡን ሰው እንዲያየው ለምን ከላይ አላደረግከውም ተብሎ ነው። ስለዚህ «እኔ አልሠራሁትም፣ እኔም ተታልዬ ነው የገዛሁት» የሚለው መከራከሪያ ለፒኑም፣ ለጫማውም፣ ለስልኩም አይሠራም። የደረሰብህ ጉዳት ዝናቡ ነው። ጉዳቱን ደብቀህ ለሚቀጥለው ወንድምህ ስታስተላልፈው ግን ክምሩን ያለበስከው አንተ ነህ።

ሁለት ማምለጫዎችን ደጋግሜ እሰማለሁ። አንደኛው «ዲዝኒ ቢሊየነር ነው፣ ምን ይጎዳዋል» የሚል ነው። ከላይ ባለው ምሳሌ የተጎዳው ልጁ እንጂ ዲዝኒ አይደለም። ያም ሆኖ የባለቤቱ ሀብታምነት ሐቁን አይሽረውም። ዓለም አቀፉ የኢስላማዊ ፊቅህ አካዳሚ በ1988 (እ.ኤ.አ.) ኩዌት ላይ ባደረገው ጉባኤ የንግድ ስም፣ የንግድ ምልክት፣ የድርሰትና የፈጠራ መብት በሸሪዓ የተጠበቁ የገንዘብ መብቶች መሆናቸውን፣ እነሱን መድፈርም እንደማይፈቀድ ወስኗል። ይህ ውሳኔ ሙስሊም ካልሆነ ድርጅት ላይ ቢሆን ግድ የለም የሚል ቅጽል የለውም። ሁለተኛው ማምለጫ «ፈርስት ኮፒ ነው፣ ከኦሪጅናሉ አይለይም» የሚለው ነው። አይለይም ካልክማ የምትሸጥለት ሰውም አይለየውም፤ ችግሩ ይህ ነው።

ወደ ተግባሩ እንምጣ። የምትገዙት ለእውነት ከሆነ የሚቀጥሉትን ተመልከቱ። መጀመሪያ ፎቶው። ሻጩ ያቀረበው ከሌላ ቦታ የተወሰደ ምስል ከሆነ ወይም «የሚደርስዎት በዕድል የሚመረጥ ነው» የሚል ከሆነ ተዉት። የምትገዙትን የዚያችኑ ፒን የፊትና የጀርባ ፎቶ ጠይቁ። ሰው ፊቷን ነው የሚያየው፣ እውነቱ ያለው ግን ብዙ ጊዜ ጀርባዋ ላይ ነው። የብዙዎቹ የዲዝኒ ፒኖች ጀርባ በጥቃቅን የሚኪ ራስ ቅርጾች የተሞላ ነው። በእውነተኛዋ ላይ ቅርጾቹ እስከ ጫፍ ይደርሳሉ፣ ጫፍ ላይ ያሉትም ተቆርጠው ይታያሉ። በብዙ ሐሰተኞች ላይ ግን ዙሪያውን ባዶ ጠርዝ ይቀራል፣ ቅርጾቹም የደበዘዙ ናቸው። መርፌው አጠገብ ፒኑ እንዳይሽከረከር የሚይዙ ትናንሽ ጉብታዎች በብዙዎቹ እውነተኞች ላይ አሉ። ፊቷ ላይ ደግሞ ኢናሜሉን እዩ፦ ቀለሙ የጎደለበት፣ ከመስመሩ የፈሰሰበት፣ ወይም ከታወቀው ቀለም የተለየ ከሆነ ተጠራጠሩ። እጃችሁ ከገባች በኋላ ክብደቷና ጠርዟ ይናገራሉ፤ ሐሰተኛዋ ቀለል ትላለች፣ ጠርዟም ይሻክራል። የባለቤትነት ምልክቱ ጀርባዋ ላይ መታተሙ ግን ምንም አያረጋግጥም። ፒኑን የቀዳ ሰው ምልክቱንም ይቀዳል!

ከእነዚህ አንዱ ብቻውን ፍርድ አይሰጥም። የተለያየ ዘመን ፒን የተለያየ ጀርባ አለው። ስለዚህ የሻጩን ሁኔታ ከዕቃው ጋር አያይዛችሁ አንብቡ። በጠቅላላው 250 ብቻ ታትማ የወጣች ፒን አንድ ሻጭ ጋር በየሳምንቱ ለጨረታ የምትቀርብ ከሆነ ሒሳቡን እናንተው ሥሩት።

ጨረታውን በተመለከተ ደግሞ፦ በመሠረቱ ጨረታ ሐላል ነው። ኢማም ቡኻሪ በሶሒሓቸው ውስጥ ለጨረታ ሽያጭ ራሱን የቻለ ርዕስ ሰጥተውታል። ሐራም የተደረገው ነጀሽ ነው፤ የመግዛት ሐሳብ ሳይኖር ሌላውን ለማሳሳት ዋጋ መጨመር። ሽያጩ ይጸናል አይጸናም፣ ገዥው የመመለስ መብት አለው የለውም በሚለው ዑለማኦች ይለያያሉ እንጂ ድርጊቱ ወንጀል መሆኑ ላይ ክርክር የለም። እንደ ኢቤይ ባሉ ጨረታዎች ደግሞ ነጀሽ የተለየ ጉዳት አለው። እናንተ «እስከ 80 ዶላር እሄዳለሁ» ብላችሁ ስታስገቡ ሲስተሙ ሌላውን ለመብለጥ የሚበቃውን ብቻ ነው በእናንተ ስም የሚሰጠው። ተፎካካሪ ከሌለ በ20 ልታገኙት ትችላላችሁ። የሻጩ ጓደኛ ግን በሌላ አካውንት ገብቶ ትንሽ ትንሽ እየጨመረ 78 ድረስ ይገፋችኋል። ኢቤይ ራሱ ይህን ይከለክላል። ሁልጊዜ በአንድ ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ የሚጫረት ሰው ካያችሁ ውጡ። የመጨረሻ ዋጋችሁን ደግሞ ጨረታው ሳይሞቅ በፊት ወስኑ። ሰከንዶች ሲቀሩ ነፍስያ ናት የምትጫረተው።

ይህን ስል አገር ቤት ያለውን አልረሳሁትም። በቴሌግራም ግሩፕ «ጨረታ» ተብሎ ዕቃ ሲለጠፍ «ግባና ዋጋ አስነሳልኝ» ብሎ ጓደኛውን የሚጠራ አለ። ጓደኛውም ዕቃውን ሊገዛ አይደለም፣ ወንድሙን እየረዳ ይመስለዋል። ከመስጂድ አብረው ወጥተው ሊሆን ይችላል። ይህ መተጋገዝ ሳይሆን ያው ነጀሽ ነው፤ ስልክ ላይ ስለሆነ ስሙ አይቀየርም።

አንድ ተግባራዊ ነገር ልጨምር። በኢቤይ የተገዛ ዕቃ እንደተገለጸው ካልሆነ ገንዘብ የማስመለሻ ዋስትና አለ፤ ሻጩ «አልመልስም» ብሎ ቢጽፍም እንኳ። ጊዜው ግን በመደበኛው 30 ቀን ነው፣ ክፍያውም በዚያው በኢቤይ በኩል የተፈጸመ መሆን አለበት። የእኛ ሰው ደግሞ ዕቃውን አሜሪካ ወይም ዱባይ ባለ ዘመድ አድራሻ ያስልካል። ዘመዱ ሳይከፍት ካርቶኑን አልጋ ሥር ያስቀምጠዋል፣ ከሦስት ወር በኋላ ለዒድ ሲመጣ ይዞት ይመጣል። በዚያን ጊዜ ሐሰተኛ መሆኑን ብታውቁ ማንን ትጠይቃላችሁ? ዘመዳችሁን ዕቃው እንደደረሰው እንዲከፍተው፣ ጀርባውንና ጠርዙን ፎቶ አንስቶ እንዲልክ አደራ በሉት። የቴሌግራም ጨረታ ላይ ግን እንዲህ ያለ ዋስትና የለም፤ ገንዘቡ በቴሌብር ከሄደ ሄደ። ስለዚህ ዕቃውን አይቶና ዳስሶ ካልሆነ በቀር ባይከፈል ይሻላል።

ሐሰተኛዋ እጃችሁ ከገባችና መመለሻው ካለፈስ? «ኮፒ ናት ብዬ ተናግሬ ብሸጣትስ» የሚል አለ። ጉድለቱን የተናገረ ሰው የመጀመሪያውን ገዥ አላታለለም፤ ይህ ግልጽ ነው። ግን ያ ገዥ ለሚቀጥለው ይናገራል? ፒኗ እንደ እህል ተበልታ አታልቅም፤ ሃያ ዓመት ከእጅ ወደ እጅ ትዞራለች። ስለዚህ የእኔ አስተያየት ጥብቅ ነው፤ ከገበያ ትውጣ። መርፌዋን በፒንሳ ቆርጣችሁ ጣሏት።

ሳያውቅ የሸጠና ኋላ የነቃ ሰው ደግሞ ገዥውን ፈልጎ ይንገረው፣ ገንዘቡንም ይመልስለት። ገዥውን ማግኘት ካልቻለስ? ስለ ኢማም አቡ ሐኒፋ የሕይወት ታሪክ የጻፉ እንደሚተርኩት፣ የንግድ ሸሪካቸው ጉድለት ያለበትን ጨርቅ ሳይናገር ከሌሎቹ ጋር ሸጦት ነበር። ገዥውን ማግኘት ስላልተቻለ ኢማሙ የጉድለቱን ያህል ቀንሰው አልተዉትም፤ የዚያን ሽያጭ ገንዘብ በሙሉ ሶደቃ ሰጡት። በእናንተ ጉዳይ ምን ያህሉ ግዴታ እንደሆነና ምን ያህሉ ጥንቃቄ እንደሆነ የምታምኑትን ዓሊም ጠይቁ።

ወላሁ አዕለም።