ዳሪንን ሳናይ አንመለስ

በምሥራቃዊው የሳዑዲ ዓረቢያ ጠረፍ የምንኖር ኢትዮጵያውያን አገሩን የምናውቀው በሥራው ነው። ደማምና ኮበር ለብዙዎቻችን የአሠሪ ቤት፣ የግንባታ ቦታ፣ የኢቃማ ጉዳይና ወደ አገር ቤት ገንዘብ የምንልክበት መስኮት ናቸው። ዓርብ ሲመጣ ከአል ሙሐመዲያ ሰፈር ወጥተን ኮርኒሽ ላይ እንናፈሳለን፣ አለዚያም ሞል ውስጥ እንዞራለን። ክፋት የለውም። ግን በመኪና ግማሽ ሰዓት ያህል ብንሄድ ቀጢፍን አልፈን፣ ድልድዩን ተሻግረን ታሩት ደሴት እንገባለን። እዚህ ዓመታት ኖረን እሷን ሳናይ ወደ አገራችን መመለሳችን ይቆጨኛል።

ጥንታዊ ወደብና የባሕር ዳር ማዕድ ሲነሣ የሰው ሐሳብ ቶሎ ወደ ጣልያን፣ ወደ አማልፊና ወደ ቬኒስ ይሄዳል። የቬኒስ ነጋዴዎች ዓይን ግን በዚህ ባሕረ ሰላጤ ላይ ነበር። የቬኒሱ ጌጥ ነጋዴ ጋስፓሮ ባልቢ እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፍ ሉል የሚወጣባቸውን የባሕረ ሰላጤውን ቦታዎች በስም ዘርዝሯል።

በታሩት መሐል፣ በአሮጌው ሰፈር ጉብታ ላይ፣ በ16ኛው ክፍለ ዘመን እንደተሠራ የሚነገርለት ምሽግ ቆሟል። ጉብታው ራሱ ከ4,000 ዓመት በላይ ሰው የኖረበት ነው። ከደሴቲቱ የተገኘው፣ እጆቹን ደረቱ ላይ አጣምሮ የቆመው የድንጋይ ሐውልት የሪያድ ብሔራዊ ሙዚየም ኩራት ነው። የምሽጉ ዘመን ለእኛም ሩቅ አይደለም። ፖርቱጋሎች እ.ኤ.አ. በ1520 መልእክተኞቻቸውን ምጽዋ ላይ አወረዱ፤ በዓመቱ ደግሞ ከታሩት ማዶ ያለችውን ባሕሬንን በጦር ያዙ። ቀይ ባሕርንና ይህን ባሕረ ሰላጤ ያንቀጠቀጠው አንድ የባሕር ኃይል ነበር።

በደሴቲቱ ደቡባዊ ክፍል ዳሪን አለች። ከሕንድ የሚመጣው ሚስክ በዚህች ወደብ በኩል ያልፍ ስለነበር የዓረብ ባለቅኔዎች ሽቶውን በእሷ ስም ጠርተውታል። እ.ኤ.አ. በ676 የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ፓትርያርክ ቀዳማዊ ጊዮርጊስ ጳጳሳትን ሰብስቦ ሲኖዶስ ያካሄደው እዚሁ ነው። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1915 በኋላ ንጉሥ የሆነው ዓብዱልዓዚዝና እንግሊዛዊው ፐርሲ ኮክስ ውል የተፈራረሙትም በዚችው ዳሪን ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚይዘኝ ግን የሉሉ ታሪክ ነው። ጠላቂው በበጋው ሐሩር አፍንጫውን በመቆንጠጫ ይዘጋል፤ እግሩን ድንጋይ ያስከብድና ወደ ታች ይወርዳል፤ ጀልባ ላይ የቀረው ጓደኛው በገመድ ይጎትተዋል። በባሕረ ሰላጤው ወደቦች ከእነዚህ ጠላቂዎች ብዙዎቹ ከምሥራቅ አፍሪካ በባርነት የተወሰዱ ሰዎች ነበሩ። ሉሉ ሕንድና አውሮፓ ደርሶ ሲሸጥ የእነሱ ስም አብሮ አልተጻፈም። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የዓለም ኢኮኖሚ ሲወድቅና የጃፓን እርባታ ሉል ገበያውን ሲያጥለቀልቀው ንግዱ ፈረሰ። እ.ኤ.አ. በ1938 «ደማም ቁጥር 7» የተባለው ጉድጓድ ነዳጅ ሰጠ። በሳዑዲ ባርነት በሕግ የቀረው ግን እ.ኤ.አ. በ1962 ነው። ከነዳጁ በፊትም ይህ ጠረፍ ከባሕር ማዶ በመጣ ሰው ላብ ኖሯል። እኛ የመጀመሪያዎቹ አይደለንም።

የዚያ ዘመን ምግብ ዛሬም ይበላል። መሐመር ይሉታል። ሩዙን ገሚስ ቀቅለው ካጠለሉት በኋላ ዲብስ የሚባለውን ከተምር የሚወጣ ጥቁር ማር ያፈሱበታል፤ ሄልና ዛፍራን ይጨምሩበትና በእንፋሎት ያበስሉታል። ቡናማ ሆኖ፣ ፍሬው ሳይጣበቅ ይወጣል። ጎኑ ላይ ሳፊ የሚባል ትንሽ ዓሣ ቆዳው እስኪንኮሻኮሽ ተጠብሶ ይቀመጣል። ጣፋጭ ሩዝ ከዓሣ ጋር ለእኛ ምላስ እንግዳ ነው፤ የዓሣው ጨው ከተምሩ ጋር ሲገናኝ ግን ሰው ለምን እንደወደደው ወዲያው ይገባል። ሙሉ ቀን የሚጠልቅ ሰው ጉልበት የሚያገኘው ከዚህ ነበር። ዓሣውን ራስዎ መምረጥ ከፈለጉ የቀጢፍ ገበያ መንገድ ላይ ነው፤ ስንጥቡ ቀይ፣ ዓይኑ ጥርት ያለውን ይያዙ።

በቅርብ ዓመታት መንግሥት የዳሪንና የታሩት ልማት ድርጅትን አቋቁሞ ከ2.6 ቢሊዮን ሪያል በላይ መድቧል። ደስ ይላል። ምኞቴ ምሽጉ ሲታደስ ዓሣ አጥማጁም ከሰፈሩ እንዳይርቅ፣ ስለ ሉል ሲተረክም የጠላቂዎቹ ማንነት እንዳይዘለል ነው።

ለእኛ ደግሞ ይህን እላለሁ። ከኅዳር እስከ የካቲት አየሩ ቀዝቀዝ ይላል። ሁለት ሦስት ሆነን የመኪናውን ሒሳብ ብንካፈል ወጪው ከአንድ ቀን የሞል ዙረት አይበልጥም። የዕረፍት ቀን የምታገኝ እኅት ካለችን አሠሪዎቿን አስፈቅደን ይዘናት እንሂድ፤ ልጆች ያሉን ልጆቻችንን እናስከትል። ሠርተን ያለፍንበትን አገር ለልጆቻችን ስንነግራቸው ደመወዙንና ሙቀቱን ብቻ ብንነግራቸው ብዙ ነገር እናስቀርባቸዋለን። ከእኛ በፊት በዚህ ባሕር የደከሙትን አፍሪካውያን ማወቅና ማስታወስ የእኛም ዕዳ ነው።