ሳጥኑ ሊማሊሞን ይወጣል፣ ሃይላንዱ ይቀራል

ከጎንደር ተነስቶ፣ ደባርቅን አልፎ፣ ሊማሊሞን ወርዶ አዲ አርቃይ የሚደርስ የቢራ መኪና ባዶውን አይመለስም። ሙሉ ሳጥን አውርዶ ባዶ ሳጥን ይጭናል። ግሮሰሪው የጎደለ ጠርሙስ ካለ ከኪሱ ይከፍላል፤ ስለዚህ አስተናጋጁ ደንበኛው ከወንበሩ ሳይነሳ ጠርሙሱን ያነሳል። ለዚህ ሥልጠና አልተሰጠም፣ ባነርም አልተሰቀለም።

በዚያው መንገድ የሚመጣው ሃይላንድ ግን መመለሻ የለውም። (ሃይላንድ የአንድ ውሃ ስም ነበር፤ ዛሬ ፕላስቲክ ጠርሙስ ሁሉ ሃይላንድ ነው።) ጥቂቱ ለዘይትና ለአረቄ መያዣ ይሆናል፤ የቀረው ቦይ ይደፍናል ወይ ይቃጠላል።

ሕግ የለም እንዳይባል አለ። በ1999 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 513 ውፍረቱ ከ0.03 ሚሊ ሜትር የማይበልጥ ፌስታል እንዳይመረትና እንዳይገባ ከለከለ፤ ፌስታሉ ግን በየሱቁ ተንጠልጥሎ ኖረ። በ2017 ዓ.ም. የጸደቀው አዋጅ ቁጥር 1383 ጭራሹን አገደው፤ ይዞ የተገኘ ሰውም ከ2,000 እስከ 5,000 ብር ይቀጣል። አዲ አርቃይ ያለ ባለሱቅ ከሕጉ ቀድሞ የሚደርሰው ይሄው ቅጣት ነው። ስኳሩን በምን ቋጥሮ ይሽጥ? ደንበኛው ዘንቢል መያዝ ከተወ ቆይቷል።

አምራቹስ? ጀርመን እ.ኤ.አ. በ1991 ማሸጊያ ለገበያ ያወጣ ሁሉ የመሰብሰቢያውን ወጪ እንዲሸከም አዘዘች። ደቡብ አፍሪካ በ2021 አስገዳጅ አደረገችው፤ ኬንያ በ2022 በሕጓ አስገባችው። በኢትዮጵያ ፔትኮ የሚባል፣ የመጠጥ አምራቾች በፈቃዳቸው የሚሳተፉበት ድርጅት አለ። ጅምሩ የሚመሰገን ነው፤ ግን በፈቃድ የሚሠራ ሥራ ወደሚቀልበት ያደላል፣ ሊማሊሞ ደግሞ አይቀልም። ባዶ የግማሽ ሊትር ጠርሙስ ከ20 ግራም ብዙም አይበልጥም፤ አንድ ኪሎ ለመሙላት ሃምሳ ያህል መልቀም ነው። ሳይጨመቅ ቢጫን መኪናው የሚሸከመው አየር ነው። ለአዲ አርቃይ ቆራሌ ሂሳቡ በምንም መንገድ አያዋጣም።

ሂሳቡን ማስተካከል ያለበት ፋብሪካው ነው። በዓመት ስንት ቶን ፕላስቲክ እንዳወጣ ያስመዝግብ፣ በቶን ይክፈል። ገንዘቡም በርቀት ይመዘን፤ ከአዲ አርቃይ የመጣ ኪሎ ከቦሌ ኪሎ የተሻለ ይከፈለው። ደባርቅ ላይ አንድ መጭመቂያ ቢተከል ለሰሜን ተራሮች ፓርክም ይበጃል።

«ውሃ ይወደዳል» የሚል ይኖራል። በሳንቲም ደረጃ፣ አዎ። ዛሬም ቢሆን እየተከፈለ ነው፤ ከፋዮቹ ቦይ የሚያስጠርገው ማዘጋጃ ቤትና ላሙ ፌስታል ውጣ የሞተችበት ገበሬ ናቸው።

ለባለሱቁ ደግሞ ከቅጣቱ በፊት ሊደርሰው የሚገባ ወረቀት አለ፦ በፌስታል ፋንታ ምን እንደሚይዝ፣ ከማን እንደሚገዛ፣ የተረፈውን ክምችት ለማን እንደሚያስረክብ የሚነግር አንድ ገጽ። የወረዳው ንግድ ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ለማደስ ለሚመጣ ነጋዴ ሁሉ ሊያድለው ይችላል። እድሳቱ የሚጀምረው ሐምሌ 1 ነው።