ከካርቶኑ ጽሑፍ ባልዲው ይታመናል

በድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የእጅ ባትሪ ለሚፈልግ ሰው ዕቃው አይቸግረውም፤ የሚቸግረው አመራረጡ ነው። በየመደርደሪያው የተደረደረው ሁሉ "ውኃ አያስገባም" ይላል። ሁሉም ብሩህ ነው፤ ሁሉም ሌሊቱን ሙሉ ያበራል። ከቢዮ አዋሌ የመጣው ገዢ ግን ቤቱ ይዞ የሚገባው ካርቶኑን ሳይሆን ባትሪውን ነው። ዝናብ በጣለበት ሌሊት ደረቁን ወንዝ ከማቋረጡ በፊት ጎርፍ መውረድ አለመውረዱን የሚያይበትም በእሱ ነው።

"ቢዮ" በሶማሊኛ ውኃ ማለት ነው። የድሬዳዋ ገጠር ውኃ ደግሞ ጠባዩ ይታወቃል፤ ዓመቱን ሙሉ ሲፈለግ ይጠፋል፣ ሳይፈለግ በአንድ ሌሊት ይመጣል። ታች ሰማዩ ጠርቶ ሳለ ከላይ ተራራው ላይ የጣለው ዝናብ አሸዋውን ሞልቶ ይወርዳል። ሐምሌ 29 ቀን 1998 ዓ.ም. ለ30 አጥቢያ ደቻቱ ሞልቶ ከተማዋን ሲመታ ከ250 በላይ ሰዎች ሞተዋል። ጎርፉ የመጣው ሰው በተኛበት ሰዓት ነበር። እንዲህ ባለው ሌሊት ውኃ ሲነካው የሚጠፋ ባትሪ ከሌለ ባትሪ ብዙም አይሻልም። እርግጥ ነው፣ ጥሩ ባትሪም ቢሆን ጎርፍ አያሻግርም፤ ጥቅሙ ጎርፉን ከሩቅ አሳይቶ ሰውን መመለሱ ነው።

ውኃ ውስጥ የሚሠራ መብራት እንዴት እንደሚመረጥ ከሁሉ ቀድመው የተማሩት ባሕር ጠላቂዎች ናቸው። ለድሬዳዋ ነጋዴ ይህ ሩቅ አገር ወሬ አይደለም። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ድሬዳዋ ከገባ ጀምሮ የከተማዋ ንግድ ከጅቡቲ ጋር የተሳሰረ ነው፤ በጅቡቲ ታጁራ ባሕረ ሰላጤ ደግሞ መጥለቅ ራሱን የቻለ የቱሪስት ሥራ ነው። ጠላቂ በሌሊት ሲወርድ አንድ መብራት ብቻ አይዝም፤ ዋናው ቢጠፋ የሚተካ ሌላ ይጨምራል። በውኃ የተሞላ ዋሻ የሚገባው ቢያንስ ሦስት ይይዛል። መብራት የሚመርጠውም ሕይወቱ በእሱ እንደሚንጠለጠል አውቆ ነው። የእሱ ጥያቄዎች ለቢዮ አዋሌው ገዢም ይሠራሉ።

የመጀመሪያው ጥያቄ "ውኃ አያስገባም ሲባል ምን ያህል ውኃ?" የሚለው ነው። መልሱ "አይፒኤክስ" ከሚለው ምልክት ቀጥሎ ባለው ቁጥር ይገኛል። 4 ከሆነ ርጭት ይችላል እንጂ መስጠም አይችልም። 7 ከሆነ 1 ሜትር ውኃ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይቆያል። 8 ከሆነ ከዚያ ይበልጣል፤ ስንት ሜትር እንደሆነ ግን ፋብሪካው ራሱ መጻፍ አለበት። ጥልቀቱ ያልተጻፈበት 8 ቁጥር ጎዶሎ ነው። ባሕር ውስጥ በየ10 ሜትሩ ግፊቱ አንድ የከባቢ አየር ግፊት ያህል ስለሚጨምር፣ ለዝናብ የተሠራ ባትሪ ለጠላቂ አይሆንም።

ውኃውን የሚከለክለው ደግሞ ጽሑፉ ሳይሆን ክዳኑ ሥር ያለችው የጎማ ቀለበት ናት። ሁለት ቀለበት ያለው ከአንዱ ይሻላል። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ወይም አንድ ጸጉር ቀለበቷ ላይ ካረፈ ውኃ መግቢያ ያገኛል። ስለዚህ ቀለበቷ ትጠረጋለች፣ በሲልከን ግሪስ ትታሻለች፣ ስትደክም ትቀየራለች። መለዋወጫ ቀለበት ይዞ የማይመጣ አስመጪ የሸጠው የአንድ ክረምት ዕቃ ነው።

ሁለተኛው ጥያቄ ስለ ድንጋዩ ነው። አሁን ገበያውን የሞላው ቻርጅ የሚደረገው 18650 የሚባለው ነው፤ ስሙ ከልኩ የመጣ ሲሆን 18 ሚሊሜትር ስፋት፣ 65 ሚሊሜትር ርዝመት ማለት ነው። በዚህ መጠን ጥሩ የሚባለው ድንጋይ የሚይዘው 3500 ሚሊአምፔር ሰዓት አካባቢ ነው። 9900 ተብሎ የተጻፈበት ድንጋይ ውሸት ነው፤ ሌላ ምርመራ አያስፈልገውም።

በዚሁ ሒሳብ ብርሃኑም ይጣራል። 3500 የሚይዝ ድንጋይ በ3.6 ቮልት ሲባዛ 12.6 ዋት ሰዓት ይሰጣል። ደህና የሚባል አምፖል ከ1 ዋት ወደ 100 ሉመን ያወጣል ቢባል፣ 1000 ሉመን 10 ዋት ይበላል። አንድ ድንጋይ ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም ማለት ነው። "1000 ሉመን፣ 10 ሰዓት" የሚል ካርቶን ታዲያ ከሁለቱ አንዱን ዋሽቷል፤ ወይም አንዱን በሙሉ ብርሃን ሌላውን በደብዛዛው ለክቶ አንድ ላይ ጽፏል። ኤፍ.ኤል.1 የተባለው የባትሪ መለኪያ ደረጃ እንኳ የሚቆይበትን ሰዓት የሚቆጥረው ብርሃኑ ከመነሻው ወደ 10 በመቶ እስኪወርድ ነው። ካርቶኑ ላይ ያለው የመጨረሻው ሰዓት ስለዚህ ጭላንጭል ነው።

ሦስተኛው የብርሃኑ ቅርጽ ነው። በጠራ ባሕር ሰፊ ብርሃን ያምራል፤ ውኃ ከጥቂት ሜትሮች በኋላ ቀዩን ቀለም ስለሚውጠው ጠላቂው በቀንም ቀለም ለማየት መብራት ይይዛል። ደለል ባለበት ውኃ ግን ሰፊ ብርሃን ከጭቃው ተመልሶ ዓይን ያሳውራል። ጭጋግ ውስጥ ረጅም መብራት ያበራ ሾፌር ይህን ያውቀዋል። ለጎርፍና ለጉድጓድ የሚሆነው ጠበብ ያለው ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊሳሳት የሚችልበት ነገር አለ። "እንግዲያው የጠላቂ መብራት እናምጣ" ቢል ሌላ ኪሳራ ይጠብቀዋል። ለ100 ሜትር የተሠራ መብራት ዋጋው ለጥልቀቱ ነው፤ የቢዮ አዋሌ ገዢ ደግሞ ያንን ጥልቀት አይወርድም። ከዚህም በላይ ብዙው የጠላቂ መብራት የሚቀዘቅዘው በዙሪያው ባለው ውኃ ነው። ደረቅ መሬት ላይ በሙሉ ኃይሉ ሲበራ ይግላል። ለድሬዳዋ ሙቀት የሚሆነው ሲግል ራሱን ደብዘዝ የሚያደርግ፣ 8 ቁጥርና ጥቂት ሜትር ጥልቀት የተጻፈበት፣ ድንጋዩ ከየትም ተገዝቶ የሚቀየር መካከለኛ ዕቃ ነው። ገበያው የጎደለው ይህ ነው፤ ትርፉም ያለው እዚህ ነው።

በርካሹ ባትሪ መርከስ የሚከራከር አይጠፋም። ገዢው አቅሙ ያን ያህል ነው፣ ያለዚያ ባዶ እጁን ይሄዳል ይባላል። ክርክሩ ግማሽ እውነት አለው። ርካሽ ባትሪ መሸጥ ነውር የለበትም፤ ነውሩ ርጭት የሚችለውን ይሰምጣል ብሎ መሸጥ ነው። በ2006 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813ም አሳሳች መግለጫን ከልክሏል። ከአዋጁ በፊት ግን የሚቀጣው ገበያው ራሱ ነው፤ በየክረምቱ አዲስ ባትሪ የሚገዛ ሰው ሦስት ርካሽ ባትሪ ገዝቶ የአንድ ደህና ዋጋ እንደከፈለ የሚያውቅበት ቀን ይመጣል። ያን ቀን ሱቅ ይቀይራል።

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ነፃ የንግድ ቀጠና በድሬዳዋ ተመርቋል። ዕቃ በብዛት የሚያስገባ ሰው ናሙና ለመፈተን ከከተማው መውጣት አይጠበቅበትም። ፈተናውም ላቦራቶሪ አይፈልግም። ከተከመረው ካርቶን መሃል አንዱ ይወጣል፣ ድንጋዩ ይወጣለታል፣ ውስጡ ደረቅ ሶፍት ይከተትበታል፣ ክዳኑ ይጠበቃል። ከዚያ በውኃ የተሞላ ባልዲ ውስጥ ለ30 ደቂቃ ይሰጥማል። ወጥቶ ሲከፈት ሶፍቱ ደረቅ ከሆነ ድርድሩ ይቀጥላል፤ ከረጠበ ድርድሩ አበቃ። ባልዲ የባሕር ጥልቀት አይመሰክርም፤ ውሸታሙን ካርቶን ለማጋለጥ ግን ይበቃል።

ይህን ባልዲ ሱቁ በር ላይ የሚያስቀምጥ ነጋዴ ሌላ ማስታወቂያ አያስፈልገውም። ከቢዮ አዋሌ የመጣው ገዢም በዓይኑ ያየውን ይገዛል።